አባ ዳማ በቀኝ በኩል

በአሰበ ተፈሪ ገበያ የአብዱልቃዲርን ሳጥን የማያውቅ ሰው ከተገኘ ያ ሰው ወይ መንገደኛ ነው ወይ ሱሪው ተቀዶበት አያውቅም። አብዱልቃዲር ልብስ ሰፊ ነበር። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው፣ ከመኪናው በስተጀርባ የቆርቆሮ ሳጥኑ፣ ከበረንዳው ሥር ደግሞ ጫቷን በኮባ ቅጠል ሸፍና የምትሸጥ ሚስቱ ሰዓዲያ ነበሩ። ዛሬ እሱ የለም፤ አላህ ይዘንለትና አፈር ከለበሰ ከርሟል። ሰዓዲያ ግን ስሙ በተነሣ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ሐዘኗ አንገት የሚያስደፋ ሐዘን አይደለም፤ ያገባችው ሰው ማን እንደነበረ ታውቃለች።

ሳጥኑ ውስጥ ገንዘብም ወርቅም አልነበረም። የነበረው በሥዕል ታሪክ የሚነገርባቸው የፈረንጅ መጽሔቶች ናቸው። ገጹ በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ በየክፍሉ ሥዕል አለ፤ ሰው ይጋልባል፣ ይዋጋል፣ ያለቅሳል፤ ከአፉም እንደ ጉም ያለ ነጭ ነገር ይወጣና በውስጡ ፊደል ይጻፍበታል። አብዱልቃዲር እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ ያየው ገና ልጅ ሳለ፣ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ አጎቱን ሊቀበል ሄዶ ነው። አንድ ፈረንጅ አንብቦ የጨረሰውን መጽሔትና የተረፈውን ብስኩት በመስኮት ወረወረ። ሌሎቹ ልጆች ብስኩቱን ሲሻሙ እሱ ወረቀቱን አነሣ።

«ያን ቀን ብስኩቱን አንሥተህ ቢሆን ዛሬ ሰው ትሆን ነበር» ትለው ነበር ሰዓዲያ በተናደደች ጊዜ።

«ብስኩቱ እስከ ቤት አይደርስም ነበር» ይላታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት የሚመጣበትን መንገድ ሁሉ አወቀ። ከጅቡቲ የሚመጣ ብርጭቆና ጫማ በአሮጌ መጽሔት ይጠቀለላል። ባለሱቁ ዕቃውን ሸጦ ወረቀቱን ለስኳርና ለቅመም መጠቅለያ ያስቀምጠዋል። አብዱልቃዲር ሱቅ ሲገባ ዕቃ አይጠይቅም፤ «እስቲ ወረቀትህን» ነው የሚለው። ንጹሕ ጋዜጣ ይሰጥና ሥዕል ያለበትን ይወስዳል።

አንድ ጊዜ ሂርና ሲደርስ ባለሱቁ ቀድሞት ግማሹን መጽሔት ስኳር ጠቅልሎበት ጨርሷል። ስኳር የገዙት እነማን እንደሆኑ ጠየቀና ጣሳዎች ይዞ በየቤቱ ዞረ። «ስኳሩን ጣሳው ውስጥ ገልብጪው፣ ጣሳው ያንቺ ነው፣ ወረቀቱን ስጪኝ» እያለ። ኩብራ የምትባል አሮጊት ከመንግሥት ስኳር ሊመዘግብ የተላከ መስሏት ስኳሯን ከአልጋ ሥር ደብቃ፣ «ልጄ፣ እኔ ስኳር በልቼም አላውቅ» ብላ በአላህ ስም ማለችለት። ለጣሳው ሳይሆን ለመሐላው አዝኖ ተመለሰ። በማግስቱ አሮጊቷ ነገሩን ሰምታ ወረቀቱን በሚኒባስ ላከችለት፤ ስኳር እንደተጣበቀበት።

ገለምሶ ደግሞ አንድ የቡና ነጋዴ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በመጽሔት ለጥፎት ነበር፤ እንደማንኛውም ሰው። ከትራሱ በላይ ያለችው ገጽ አብዱልቃዲር ስንት ዘመን ሲፈልጋት የኖረች ናት። የሰውየውን አልጋ ገፍቶ፣ ጨርቅ አርጥቦ፣ በካውያ እያሞቀ ገጿን እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ አድርጎ ላጣት። በምትኩ ክፍሉን ሙሉ ባዲስ ጋዜጣ ለጠፈለት። የተቀደደውን በመኪናው፣ በቀጭኑ መርፌ ይሰፋዋል። አንዳንዱ መጽሔት ከወረቀቱ ክሩ ይበዛል።

ከመጽሔቱ ጋር የሚዛመድ ነገር ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ ፈረስ ያለበት የክብሪት ቀፎ፣ የሰይፍ ሥዕል ያለው የከረሜላ ልባስ፣ የፈረስ ራስ የተቀረጸበት ቁልፍ። ከሁሉ በላይ የሚኮራበት ግን ቀዩ ካባ ነው። ከመጽሔቶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ ፈረሰኛ አለ፤ ዳማ ፈረስ የሚጋልብ፣ ቀይ ካባ የሚለብስ። ስሙ በፈረንጅ ፊደል ስለተጻፈ ማንም አያውቀውም፤ አብዱልቃዲር «አባ ዳማ» አለውና በዚሁ ጸና። ካባውንም ከሥዕሉ እያየ ራሱ ሰፋው።

«የት ልትለብሰው ነው?» አለችው ሰዓዲያ።

«እኔ ምን ቤት ነኝ፤ የእሱ ነው እንጂ።»

በድሪ የሚባለው የጫት ደላላ ካባውን ገልብጦ አየና፣ «ኪስ የለውም እኮ። ኪስ የሌለው ጌታ ምን ዓይነት ጌታ ነው?» አለ።

«እኔ የሰፋሁት እንዳየሁት ነው» አለ አብዱልቃዲር። እሱም ግን ኪስ ማጣቱ ሲከነክነው ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ፣ የጫቱ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል፣ ወዳጆቹ በረንዳው ላይ ጫት እየቃሙ በርጫ ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ሳጥኑ ይከፈታል። አብዱልቃዲር ጉልበቱ ላይ መጽሔቱን ዘርግቶ፣ ጣቱን ከሥዕል ሥዕል እያራመደ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ይተርካል። ሰዓዲያ ጫቷ ላይ ውሃ እየረጨች ትሰማለች። ከመሰላ የሚመጡ ገበሬዎች ጫታቸውን ሸጠው ሲያበቁ መኪና እስኪሞላ በሚል ሰበብ ይቀመጣሉ፤ መኪናው ይሞላና ይሄዳል፣ እነሱ ይቀመጣሉ።

እንግዲህ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። አብዱልቃዲር የተማረው ቁርአን ቤት ነው። የአማርኛውን ፊደል ገና አልቆጠረም ነበር። መጽሐፍ ማለት ለእሱ በቀኝ ተከፍቶ ወደ ግራ የሚሄድ ነገር ነው፤ በሌላ በኩል የሚከፈት መጽሐፍ ይኖራል ብሎ በሕልሙም አስቦ አያውቅ። በርጫው ላይ የሚቀመጡትም የእሱው ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የአባ ዳማ ታሪክ አሰበ ተፈሪ ላይ የሚጀምረው ፈረንጁ ከጨረሰበት ነው። አባ ዳማ መጀመሪያ ዘውድ ጭኖ ወንበር ላይ ይታያል። ቀጥሎ ዘውዱን አውልቆ ይሰጣል። ቀጥሎ መሬት ላይ ከተዘረሩት ሰዎች ደረት ሰይፉን እየነቀለ ያስነሣቸዋል። በመጨረሻም ሜዳ ላይ በእሳት መካከል አንዲት ጎጆ ትቆምና እናቱ ከደጃፏ ትቀበለዋለች።

«እሳቱ ነው ቤቱን የሠራው?» ይላል በድሪ።

«ዓይን የለህም? መጀመሪያ እሳት፣ ከእሳቱ ጎጆ።»

«እሳት እንዴት ቤት ይሠራል?»

«የፈረንጅ አገር ብርድ ነው። እዚያ እሳት ሌላ ጠባይ አለው።»

«ሰይፉስ? ያስነሣል እንጂ አይገድልም?»

«በአላህ ፈቃድ ያስነሣል። አንድ ሰው ገድሎ አይቼው አላውቅም።»

 ሰው ሳይገድል የሚኖር ጀግና በዚያን ዘመን የሚናቅ ወሬ አልነበረም።

የሶማሊያ ጦርነት ባበቃ ሰሞን፣ የኮንትሮባንድ ጨርቅ ፍለጋ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ይፈተሹ ተባለ። አብዱልቃዲር ቤት የመጣው የአብዮት ጥበቃው ዳባ ነው፤ ጎረቤት ነው፣ ጠመንጃው ከእሱ ይረዝማል።

«ኦቦ አብዱልቃዲር፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ታዝዤ ነው» አለ።

«የለበስከው ሱሪ የማን ስፌት ነው?»

«የእርስዎ።»

«በል እንግዲህ፣ በእኔ ሱሪ ቤቴን ፈትሽ።»

ዳባ እየሳቀ ፈተሸ። ጨርቁ ሁሉ ደረሰኝ አለው። ሳጥኑን ሲከፍት ግን ሳቁ ቆመ። ላይ ያለው መጽሔት የአባ ዳማ ነው፤ ዘውድ የጫነ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሕዝብ ተንበርክኮለት።

«ይሄ ንጉሥ ነው» አለ ዳባ።

«ጥቂት ቆይ፣ አሁን ያወልቀዋል።»

«ኦቦ፣ ይሄን አይቼ ዝም ብል ነገ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።» ሳጥኑን ተሸክሞ ሄደ። ሰዓዲያ የእጇን ጫት እንደያዘች እስከ መንገዱ ማዶ ተከተለችው።

ከቀበሌ ወሬው ቶሎ ደረሰ። አብዱልቃዲር ንጉሥ በሥዕል ለሕዝብ እየሰበከ ነው። እሑድ በስብሰባ ይጠየቃል፤ ወረቀቱ አድኃሪ ሆኖ ከተገኘ አዳራሹ ደጅ ይቃጠላል። ከወረቀቱ ቀጥሎ ሰውየው ምን እንደሚሆን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም።

«አባ ፋጤ» አለችው ሰዓዲያ፤ ፋጤ ልጃቸው ናት። «ይቃጠል በላቸው። ቀድመህ አንተው ይቃጠል ካልክ ይተውሃል።»

«አባ ዳማን?»

«ወረቀት ነው።»

እሱ መኪናው ላይ ተቀመጠና የሚሰፋ ነገር ሳይኖረው መርገጫውን ይረግጥ ጀመር። እሷ ተቆጣች፣ ሳጥኑንም ባቡሩንም ፈረንጁንም ረገመች። እሑድ ጠዋት ግን ሸሚዙን ተኮሰችና ከማንም ቀድማ ሄዳ አዳራሹ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጎበዜ ከጠረጴዛው መካከል፣ የሴቶች ማኅበሯ ሙሉወርቅ በቀኙ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጉርሜሳ በግራው ተቀምጠዋል። ጉርሜሳ የተጠራው ድሬዳዋ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስለተማረ ነው። ጴንጤ ነው፤ የጸሎት ቤታቸው በር ከታሸገ ቆይቷል። የማይዋሽ ሰው ነው ይባላል። መርፌ ሲወጋ እንኳ እንደሌሎቹ «አያምም» አይልም፤ «ያማል፣ ቻሉት» ነው የሚለው።

«አቶ አብዱልቃዲር» አለ ጎበዜ፣ መጽሔቱን ከፍ አድርጎ እያሳየ። «ሕዝቡ ንጉሡን አውርዶ ሳያበቃ አንተ በረንዳ ላይ ታነግሣለህ?»

«እኔ አላነግሥም ጓድ ሊቀመንበር። ነግሦ ነው ያገኘሁት፤ እኔ አወርደዋለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሳቅ ተሰማ። ሙሉወርቅ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ለሕዝቡ የምትሰብከውን እዚህ ስበክ» አለ ጎበዜ። «እንደዚያው። ሳትጨምር ሳትቀንስ።» መጽሔቱን ሰጠው፤ ከሳጥኑ ያገኘውን የዚያኑ መጽሔት ሁለተኛ ቅጂ ለጉርሜሳ አቀበለው። «አንተ ጽሑፉን እያየህ ተከታተለው።»

አብዱልቃዲር ቆመ።  መጽሔቱን በቀኝ በኩል ከፈተና ጣቱን የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ሲያሳርፍ በረንዳው ላይ የተቀመጠ መሰለ።

«ይኸውና» አለ፤ «ይሄ ሰው ሁሉ አለው። ወንበር አለው፣ ዘውድ አለው፣ የሚንበረከክለት አለው። ፊቱን እዩት። ደስ ብሎታል? አላለውም። እዚህ ጋ ዘውዱን አወለቀ። ማን አስገደደው? ማንም። ለዚህ ወታደር ሰጠው፤ ወታደሩ ደግሞ ወስዶ መሬት ጣለው። እዚህ፣ ጋሪው ላይ የእህል ጆንያ አለ። ወታደሮቹ ጆንያውን ከጋሪው አወረዱ፣ ወደ ገበሬዎቹ ጎተራ አስገቡ። ገበሬዎቹ ሲያለቅሱ ይታያሉ፤ የደስታ ለቅሶ ነው፣ ከቀማህ ሰው እጅ እህልህን ስትቀበል ታለቅሳለህ። ከዚያ የሞቱትን ያስነሣል። ሰይፉን ከደረታቸው ነቀለ፣ ተነሡ፤ ይሄ ሽማግሌም ተነሣ። እዚህ ካባውን አውልቆ ለዚች ሴት ሰጣት፣ ብርድ የመታውን ልጅ አለበሰችበት። ፈረሱንም ሜዳ ላይ ፈታው። በመጨረሻ በባዶ እግሩ እናቱ ደጅ ደረሰ። አለቀ።»

ሲጀምር ጎን ለጎን የሚያወራ ሰው ነበር። ጆንያው ላይ ሲደርስ የሚያወራ አልነበረም። ዳባ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ አንገቱን አስግጎ ሥዕሉን ለማየት ይጥራል።

ሰዓዲያ ግን የምታየው ጉርሜሳን ነው። ጉርሜሳ መጀመሪያ ከግራ ከፍቶ ነበር። አብዱልቃዲር ሲጀምር ግራ ገባው፤ ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ከዚያ በቀኝ ከፈተውና ጣቱን ከአብዱልቃዲር ጣት ጋር እኩል አስኬደ። ግንባሩ መጀመሪያ ተቋጠረ፣ በኋላ ተፈታ። ሰዓዲያ ፈረንሳይኛ አታውቅም፤ ጫት ስትሸጥ ግን የሰው ፊት ስታነብ ነው የኖረችው። ይህ ሰው ባሏ ያላወቀው አንድ ነገር አውቋል። 

«ጓድ ጉርሜሳ» አለ ጎበዜ። «የተናገረው እውነት ነው?»

ጉርሜሳ መጽሔቱን ዘጋ። ሰዓዲያ መቀመጫዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«የተናገረው ሁሉ ሥዕሉ ውስጥ አለ» አለ። «የሌለ ሥዕል አንድም አልጨመረም።»

«ጽሑፉስ?»

ጉርሜሳ ገጾቹን ገለበጠና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «እዚህ ገበሬዎቹ ለጌታው ‹እህላችንን ከወሰድክብን ክረምቱን ምን እንበላለን?› ይሉታል። እንደዚህ ነው የተጻፈው።»

ጎበዜ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ይህ የመደብ ጥያቄ ነው» አለ፤ ከንፈሩ ላይ የነበረው ጭካኔ ሄዶ የሚማር ሰው ፊት መጣበት። ከሙሉወርቅ ጋር በጆሮ ተነጋገሩ። «ሳጥኑ ይመለስለት። ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ለውይይት ክበቡ ትተርካለህ አቶ አብዱልቃዲር። ዘውዱን የሚያወልቅበትን ቦታ ግን ረጋ በልበት፤ ፈጠንክብን።»

ሳጥኑን የወሰደው ዳባ ራሱ ነው የመለሰው፣ ደግሞም እየሮጠ። መንገዱን ሙሉ ሰው እየተከተለ «ማሻ አላህ» ይላል። ሰዓዲያ ከኋላ ትሄድ ነበር። ባሏ ዓይኗ ፊት እንዲህ ረዝሞ አያውቅም። የጉርሜሳ ፊት ግን ከልቧ አልወጣም።

ማክሰኞ ጉርሜሳ ራሱ መጣ። የሚቆረጥ ሱሪ ይዟል።

«ኦቦ አብዱልቃዲር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቀየሙኝ።»

«ምነው፣ የባለፈው አጠረ?»

«ሱሪው ደህና ነው። መጽሔቱን የሚከፍቱት ከመጨረሻው ነው። የእነሱ ጽሑፍ ከግራ ይጀምራል። እርስዎ መጨረሻ የሚሉት መጀመሪያው ነው። ጎጆዋን እሳቱ አልሠራትም፣ አቃጠላት። እህሉም አልተመለሰም፣ ሲወሰድ ነው። ልጁ ለበቀል ተነሣ፤ ሰይፉም ይገድላል።»

አብዱልቃዲር የያዘውን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ታዲያ ለምን አዳራሹ ውስጥ አልተናገርክም?» አለች ሰዓዲያ ከታች ሆና።

«የጠየቁኝ የተናገረው እውነት ነው ወይ ብለው ነው፤ የተናገሩት ሁሉ ሥዕሉ ውስጥ አለ። ከየት ጀመረ ቢሉኝ እነግራቸው ነበር። ጌታ ረዳኝ፣ አላሉኝም።»

«ዛሬስ ለምን መጣህ?»

ጉርሜሳ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «የእኛ መጻሕፍት ተወስደው የት እንደገቡ አናውቅም። የእሳቸው ተርፎ ሳለ ግማሹን ብቻ ሲያነቡት ማየት ከበደኝ።»

ሱሪውን ትቶ ሄደ። አብዱልቃዲር ለካውም፣ ቆረጠውም፣ ሰፋውም፤ ሳጥኑን ግን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈነው። በርጫው ሲሰበሰብ «ዛሬ ሥራ አለብኝ» አለ። በማግስቱም ሥራ አለበት። አንድ ሹፌር ከሂርና ሥዕል ያለበት ወረቀት ሲያመጣለት፣ «ለስኳር አድርገው» ብሎ መለሰለት። ያን ጊዜ ሰዓዲያ ደነገጠች። ቀበሌ ቢያቃጥለው ሐዘኑ ከውጭ የመጣ ነበር፤ ይህ ግን ከራሱ ነው። አንድ ጊዜ በቁጣ «ወረቀት ነው» ያለችውን አሁን እሱ አምኖበታል።

ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ሰዓዲያን የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሳጥኑን ከፍታለች። አባ ዳማን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች፣ በግራ በኩል ከፍታ።

«ጫቱን ማን ይሸጣል?» አላት።

«ይቀመጥ። ይሄ ሕፃን ማነው?»

«የቱ ሕፃን?»

«ከፈረሱም ከሰይፉም በፊት ያለው። እናቱ ታለብሰዋለች።»

«እሱ መጨረሻ ላይ ያለው የብርድ ልጅ ነው።»

«መጨረሻ አትበለኝ። እኔ አሁን ጀመርኩ።»

ቆሞ አያት። ከዚያ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሳያስበው አጠገቧ ዕቃ መያዣው ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ከተቃጠለችው ጎጆ ያተረፈችውን ቀይ ጨርቅ በቢላዋ ትቆርጣለች፤ ለልጁ ታለብሰዋለች። በሚቀጥለው ገጽ ልጁ አድጓል፣ ጨርቁ ትከሻው ላይ ነው። አብዱልቃዲር ጣቱን ጨርቁ ላይ አድርጎ ቆየ።

«ሰዓዲያ፣ ይሄ ካባ አይደለም።»

«ምንድነው?»

«ብርድ ልብስ ነው። ከብርድ ልብስ የተቆረጠ ነው። ለዚህ ነው ኪስ የሌለው፣ ለዚህ ነው በትከሻው በኩል ስፌት ያጣሁበት። እኔ የሰፊ ስህተት መስሎኝ ስንት ዓመት ስገረም። የእናቱ ብርድ ልብስ ነው።» ካባውን ከሳጥኑ አውጥቶ ዘረጋው። ሲሰፋ ትከሻው ላይ የጨመረውን ስፌት አየና በምላጭ ይተረትረው ጀመር። «እንግዲህ በቀኝ ስትሄጂ ለብርድ ልጅ የሚሰጠው ይሄንኑ ነው፤ ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ግን ይሰጠዋል። በግራ ስትሄጂ ከእናቱ ይቀበለዋል። ሁለቱም ልክ ነው።»

«ገዳይ ነው እኮ አሁን» አለች ሰዓዲያ። ሆን ብላ ነው።

«በግራ ገዳይ ነው፣ በቀኝ ደግሞ አስነሺ።» ሳጥኑን እስከ ታች አየው፤ ከሚኤሶው የመጀመሪያ መጽሔት እስከ ገለምሶው የግድግዳ ገጽ። ሰዓዲያ ፊቱን አይታ ቀና አለች። ሰው ጎተራው ሙሉ መሆኑን እያወቀ ሌላ ጎተራ ከሥሩ ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሳጥኑ ሳይከብድ እጥፍ ሆኗል። «ሁሉም» አለ አብዱልቃዲር ቀስ ብሎ። «ሁሉንም ገና በግራ አላነበብኳቸውም።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በርጫውን እሱ ራሱ ጠራው። ጉርሜሳም ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ጫት አይነካም፣ ለውዝ ገዝቶ ይዟል።

«ስሙኝ» አለ አብዱልቃዲር። «አባ ዳማን ከመጨረሻው ነበር የማነብላችሁ። ፈረንጅ ከግራ ነው የሚጀምረው። ድሬሰሩ ነገረኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሰዎቹ አፍሮ አንገቱን ይደፋል ብለው ጠበቁት፤ እሱ ግን ያን ቀን እንደ ሙሽራ ነበር።

«ፈረንጁ የጻፈው አንድ ታሪክ ነው» አለ። «አሰበ ተፈሪ ላይ ሁለት ሆኗል። ሌላ አገር ይሄን የሚያገኝ ካለ አምጡልኝ።»

«ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» አለ ከመሰላዎቹ አንዱ። «በል በግራ አሰማን።»

በግራ ጀመረ። ጎጆዋ ተቃጠለች፣ እናትየው ብርድ ልብሱን ቆረጠች፣ ልጁ ፈረስ አገኘ። ሁሉም ተደስቶ ሰማ። ሽማግሌው ላይ ሲደርሱ ግን፣ ያ ሰይፉ ከደረቱ ተነቅሎ ይነሣ የነበረው ሽማግሌ ማለት ነው፣ አባ ዳማ ሰይፉን መዝዞ ደረቱ ላይ ተከለው። አብዱልቃዲር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገደለው» አለ።

በድሪ ጫቱን አስቀመጠ። «ማንን?»

«ሽማግሌውን።»

«ያን ሽማግሌ?»

«ሥዕሉ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

በድሪ ተነሣና ጫማውን ፈለገ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሲያስነሣው ሰማን፤ ወላሂ እኔ የአባ ዳማን ስም ለልጄ ላወጣ ነበር። ዛሬ ሽማግሌውን ገደልከው። ለገዳይ ወሬ እዚህ ምን አመጣኝ፣ ቤቴ ሬዲዮ አለኝ።» በረንዳውን ወረደ። ጉርሜሳ ለውዙን እንደያዘ ፊቱን ወዲያ አዞረ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

አብዱልቃዲር መጽሔቱን ጉልበቱ ላይ አጥፎ ጮኸ። «በድሪ፣ ቆይ እንጂ፣ ነገ በቀኝ በኩል አስነሣልሃለሁ።»

በድሪ መንገዱ መሐል ቆመ። ሰዓዲያ ጫቷን ትታ ቆማ ታየው ነበር፤ ስትስቅ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

«ነገ ካላስነሣኸው» አለ በድሪ፣ «ከእንግዲህ ሱሪዬን የማሰፋው ሂርና ነው።»

«ከዙህር ሶላት በኋላ ና» አለው አብዱልቃዲር። «በሕይወት ይጠብቅሃል።»